በጎረቤት አፍ የተጠየቀ መጠባበቂያ

የምክር ቤት አባል ሆኜ የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ሸሚዜ ላይ ግሪስ ነበር። ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ባለ የብረት ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ ስሠራ ውዬ፣ ቤት ገብቼ ልቀይር ብል ስብሰባው እንደሚያመልጠኝ ስላወቅሁ በቀጥታ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ከአውቶቡስ ወረድኩ። ዘበኛው ወንበር ሊጠግን የመጣ ሰው መስዬው "የሥራ ዕቃህስ?" አለኝ። "ዕቃዬ አፌ ነው" አልኩት። አልሳቀም፤ ግን አስገባኝ።

ወንበሩን ያገኘሁት በጀግንነት አይደለም። በምርጫው ዝርዝር ታች ነበርኩ፤ ከበላዬ የነበረው ሰው ሌላ ከተማ ሥራ ይዞ ሲሄድ ተራው ወደ እኔ ወረደ። እኔ ከጎንደር ወደ ኢየሩሳሌም አገር በልጅነቴ ለትምህርት ስመጣ የአይሁድ ወገኖቼ ገና አገር ቤት ነበሩ። እዚህ አደግሁ፣ ወታደር ሆንኩ፣ ቶርኖ ተማርኩ፣ በወርክሾፑ የሠራተኞች ኮሚቴ ውስጥ ስከራከር አፈኛ የሚል ስም አወጡልኝ። ተራ የምክር ቤት አባል ደመወዝ የለውም። ጠዋት ብረት ትቆርጣለህ፣ ከሰዓት እጅህን ታወጣለህ።

የዚያን ቀን ከጎኔ የተቀመጠው አርዬ ነበር፤ የማዘጋጃ ቤቱ ጊዝባር፣ ማለት የገንዘብ ኃላፊ። ሽማግሌ ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ እርሳሱን ከጆሮው የማያወርድ። ከስብሰባው በኋላ የበጀቱን ወረቀት ፊቴ ዘረጋና "ሁሉም ትልልቆቹን መስመሮች ያያል። አንተ ከታች ያለችውን ትንሿን እይ" አለኝ። ረዘርቫ ይላታል፤ መጠባበቂያ ማለት ነው።

"ለምን የምትሆን ናት?" አልኩት።

"ላልታሰበ ነገር።"

"ያልታሰበውን ነገር ማን ያስበዋል?"

"አንተ። ሥራህ እሱ ነው" አለና እርሳሱን ወደ ጆሮው መለሰ።

አባቴ በጎተራው ጥግ ለብቻው የሚያስቀምጠው የዘር እህል ነበረው። ቤተሰቡ ቢራብም ዘር አይነካም። መጠባበቂያ መጀመሪያ የገባኝ እንደዚያ ነበር፤ ኋላ ግን ልዩነቱን አወቅሁ። መጠባበቂያ የተቀመጠው ሊነካ ነው። ጭቅጭቁ ማን ይንካው በሚለው ላይ ነው።

መንግሥትም በኢየሩሳሌም የራሱ መጠባበቂያ አለው። አንድ ሚኒስቴር ይጠይቃል፣ የክኔሴቱ፣ ማለት የፓርላማው፣ የገንዘብ ኮሚቴ እጅ ያወጣል፣ ገንዘቡ ከመጠባበቂያው ወጥቶ ወደ አንድ የበጀት አንቀጽ ይዛወራል። ግን ለአንድ ሰፈር ጉዳይ ከተማው ራሱ ካልወሰነና የራሱን ድርሻ ካልጨመረ ኢየሩሳሌም አትነቃነቅም። ጊዜው ደግሞ የዳቦ ዋጋ ጠዋትና ማታ የሚለያይበት ነበር። መንግሥት ወጪ እየቆረጠ ነው፤ "መጠባበቂያ" የሚል ቃል ስብሰባ ላይ የወረወረ ሰው እንደ እብድ ይታይ ነበር።

ወገኖቼ በሱዳን በኩል የመጡት በዚሁ ጊዜ ነው። የተወሰኑት ቤተሰቦች በከተማችን ኤን ጋኒም ሰፈር፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃና በዙሪያው ተደለደሉ። ከነሱ አንዷ አዛለች ነበረች። ባሏ በመንገድ ላይ የቀረ፣ ልጆቿን ይዛ የገባች፣ ቀጥ ብላ የምትራመድ ሴት። ከእሷ ኋላ የተነሣ አንድ ወንድም ነበራት። "መጣ አልመጣ?" እያለች አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ትጠይቃለች። አልጋ አዘጋጅታለታለች። ከደመወዟ ጫማ ገዛችለት፣ ቀጥሎ ካፖርት።

ወንድሟ ሱዳን መጠለያ ውስጥ ሞቷል። ይህን አብሮት የነበረ ሰው መጥቶ ለአባ ገዳሙ ነግሯቸዋል። አባ ገዳሙ የሕንፃው ሰዎች ሁሉ የሚሰሟቸው ሽማግሌ ናቸው። ቀስ እያለ ሁላችንም ሰማን፣ ከእሷ በቀር።

ለምን አልተነገራትም? መርዶ እንዴት እንደሚነገር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰው ብቻውን አይረዳም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ በማለዳ ይመጣል፣ ከየከተማው የሚመጣው ሁሉ የሚቀመጥበት ስፍራ ይኖራል፣ ከዚያ አብሯት ይለቀሳል። የእኛ ሰዎች ቤት ግን ጠባብ ነው፤ ደጁን ዝናብ ይዞታል። ከወራት በፊት ለሌላ ሰው መርዶ በአንድ ክፍል ውስጥ ተሞክሮ ነበር። ጩኸቱ ሲነሣ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ፖሊሱ ገብቶ ነገሩን ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፤ ለቅሶው ግን ተቋረጠ። አባ ገዳሙ "ግማሽ ለቅሶ ከዝምታ ይከፋል፤ ስፍራ ሳናገኝ አዛለችን አናረዳም" ብለው ወሰኑ። እሷም ለሞተ ሰው ዕቃ መግዛቷን ቀጠለች። ካፖርቱን ስታሳየኝ ያሞገስኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ውርደት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ከሕንፃው ሥር ሚክላት ነበር፤ ለቦምብ ጊዜ የተሠራ የምድር ቤት። እርጥብ ነው፣ መብራቱ አይሠራም፣ ውኃ የለውም፣ የተሰበረ ሶፋና የጎማ ክምር ሞልቶታል። ግድግዳው ግን ወፍራም ነው፤ ውስጡ ቢጮህ ውጪ አይሰማም። ይህን ለአርዬ ነገርኩት። እርሳሱን አወረደ። "ከተማው ብቻውን አይችልም። ግማሹን ከመንግሥት መጠባበቂያ ካመጣህ ግማሹን እኔ ከየትም እፈልጋለሁ። የበጀት ዓመቱ ሳያልቅ ግን። ካለቀ የተረፈው ይመለሳል" አለኝ።

ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ስልክ ደወልኩ፣ በአውቶቡስ ኢየሩሳሌም ወጣሁ፣ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። በመጨረሻ ኤሊ የሚባል ወጣት የበጀት ሠራተኛ "ሰዎቹን በዓይኔ ካላየሁ፣ የጎደላቸውን ከአፋቸው ካልሰማሁ አልጽፍም" አለ። ቅር አላለኝም። ትክክለኛ አሠራር ነው።

ሽማግሌዎቹን አዘጋጀኋቸው። "ሰውየው ምን ጎደላችሁ ይላችኋል። መሰብሰቢያ ክፍል በሉት። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። "በሰደር፣ እሺ" አሉኝ በዕብራይስጥ ሳይቀር። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ኤሊ መጣ። አባ ገዳሙ ቤት አስገቡት፤ ከወንበሮቹ ደህነኛው ላይ አስቀመጡት። ዳቦ ተቆረሰ፣ ወጥ ቀረበ፣ እንቢ ቢል አጎረሱት። መነጽሩ በእንፋሎት ደመነ። ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ "ያላ፣ በሉ ንገሩኝ። ምን ጎደላችሁ?" አለ። አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

አባ ገዳሙ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለንም። ኢየሩሳሌም አገር ገብተናል፣ ልጆቻችን ይማራሉ። ይልቅ አንተ ከሩቅ መጥተሃል፤ መንገዱ እንዴት ነበር?"

"አባ፣ ክፍሉን ይንገሩት እንጂ" አልኳቸው በአማርኛ። "እንግዳ ገና እጁን ሳይታጠብ?" አሉኝ። ቀጣዩ ሽማግሌም "ምንም አልጎደለም" አለ። ሦስተኛው ደግሞ መረቀው።

ያን ጊዜ አዛለች ውኃ ይዛ ገባች። ኤሊ እሷን ፈገግ ብሎ አያትና "አንቺስ? የምትፈልጊው ነገር የለም?" አላት።

"ወንድሜ ሊመጣ ነው" አለች። "እሱ ንግግር ያውቃል። ሲመጣ ሁሉንም እሱ ይነግርልኛል።"

ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ቃሉን አንድ በአንድ አስተረጎምኩለት። ኤሊ በደብተሩ አጭር ነገር ጻፈ።

መኪናው ድረስ ሸኘሁትና እውነቱን ነገርኩት፤ ስለ አዛለች፣ ስለ ወንድሟ፣ ስለ ፖሊሱ። ሰማኝ፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "ታምሩ፣ ልቤ ካንተ ጋር ነው" አለ። "ግን ሰዎቹ ምንም አልጎደለንም አሉ። ለማልቀሻ የሚሆን አንቀጽ ደግሞ በበጀቱ ውስጥ የለም።"

"መጠባበቂያ ላልታሰበ ነገር ነው አይደል? ሞትን አስቦት የሚያውቅ አለ?"

መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከዚያ "ከምክር ቤታችሁ ውሳኔ አምጣልኝ። የከተማው ድርሻ ይኑርበት፣ የሰፈሩ ነዋሪዎችም ክፍሉን እንደሚፈልጉት ይናገሩ። ያኔ ወደ ኮሚቴው አቀርበዋለሁ" ብሎ ሄደ።

ወደ አባ ገዳሙ ቤት ተመልሼ ስገባ ደሜ ፈልቶ ነበር። ለሽማግሌ ድምፅ ከፍ አይደረግም፤ እኔ ግን ከፍ አደረግሁ። "በገዛ አፋችሁ ዘጋችሁት! ምን አለበት ብትናገሩ?"

አባ ገዳሙ እስክጨርስ ጠበቁኝ። "ተቀመጥ" አሉ። "የሰው ፊት እሳት ነው፤ ይህን ታውቃለህ። እንግዳ ቤትህ ገብቶ፣ እንጀራህን በልቶ፣ ቸግሮኛል ትለዋለህ? ያበላኸውን ልታስከፍለው?"

"ታዲያ ችግር እንዴት ይነገራል?"

"በጎረቤት ነዋ። አገር ቤት ማን ስለ ራሱ ይለምን ነበር? በሬ የሞተበት ሰው ቤቱ ይቀመጣል፤ ጎረቤቱ ነው ወጥቶ 'እገሌ በሬው ሞተበት' የሚል። አንተ በልጅነትህ መጥተህ ይህን ሳታየው ቀረህ። ሰውዬው እኔን ስለ እኔ ጠየቀኝ። ስለ ጎረቤቴ ቢጠይቀኝ እስኪመሽ አወራለት ነበር።"

የተናደድኩትን ያህል አፈርኩ። ምክንያቱም በዕብራይስጥ ስንት የክርክር ስልት ተምሬ ይህቺን አላወቅሁም።

የእኛ ጎረቤት ማን ነው? ማርጋሊት ናት። ከየመን በልጅነቷ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት፤ የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ። ምላሷ ስለት ነው። ያን ጊዜ ፖሊስ የጠራችው እሷ ናት። በሯን አንኳኳሁ።

"ክፍሉን ለጭፈራ ልታደርጉት ከሆነ እንቢ" አለችኝ ገና ሳልቀመጥ።

"ለለቅሶ ነው" አልኳት፤ የአዛለችን ነገር ሁሉ ነገርኳት።

ጉልበቷን አሸች። "ፖሊሱን የጠራሁት ሰው የሚገደል መስሎኝ ነው" አለች። "ያቺ ካፖርት ገዝታ ያሳየችኝ? ይገጥመው ይሆን ብላ በእኔ ልጅ የለካችው?" እጇን ከጉልበቷ አነሣች። "እኛ እንደመጣን ድንኳን ውስጥ ሳለን አንድ ወንድሜ ሞተ። እናቴ እንደ አገሯ ስትጮህ፣ እዚህ እንዲህ አይለቀስም፣ ዝም በይ አሏት። ዝም አለች። እስክትሞት ዝም እንዳለች ነው።"

"የምክር ቤቱ የገንዘብ ኮሚቴ ፊት መጥተሽ ትናገሪልኛለሽ?"

"በታክሲ ከወሰድከኝ" አለች።

የምክር ቤቱ የገንዘብ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ አንድ አባል እንግዳ መጋበዝ ይችላል። እኔ ሁለት ጋበዝኩ። ሰብሳቢው ሰዓቱን እያየ "በአጭሩ" አለ። መጀመሪያ አባ ገዳሙ ተነሡ፤ አስተረጎምኩ።

"እኔ ምንም አልጎደለኝም" አሉ። አርዬ እርሳሱን ጣለና አየኝ። አባ ገዳሙ ቀጠሉ፤ "ይቺ ጎረቤቴ ማርጋሊት ግን ብቻዋን ናት። ከሰዓት ደጅ ቆማ ትውላለች፤ ፀሐዩ ያገኛታል፣ ዝናቡ ያገኛታል፣ የምትቀመጥበት የላትም። እኛ ብንቸገር እርስ በርሳችን አለን። ለእሷ የምትቀመጥበትና ሰው የምታገኝበት ክፍል ስጧት።"

ማርጋሊት ጆሮዋን አላመነችም። "እኔ? እኔ ተቸገርኩ ያለ ማነው?" አለች። ኮሚቴው በሙሉ ሳቀ። እሷ ግን ሳትስቅ በጠረጴዛው ተደግፋ ተነሣች። "እሺ፣ እሱ ስለ እኔ ከተናገረ እኔም ስለ እነሱ ልናገር። በሕንፃዬ ውስጥ ወንድሟ የሞተባት ሴት አለች። ሕንፃው ሁሉ ያውቃል፤ እሷ ብቻ አታውቅም። ለምን? የሚነግሯት ሰዎች የሚቀመጡበት ስለሌላቸው፣ እኔም ፖሊስ ስለጠራሁባቸው። ለእሱ ነው ክፍሉን የምንፈልገው። የኮሚቴ ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ፤ ሕንፃው ተስማምቷል።"

ምንም ነገር ሳይቃወም የማያልፍ አንድ አባል ነበር፤ እሱ እንኳ መነጽሩን ሲያስተካክል ቆየ። አርዬ ጉሮሮውን ጠረገና "ለክረምት ጎርፍ ካስቀመጥነው የተረፈ አለ" አለ። ሰብሳቢው ድምፅ እንዲሰጥ ጠየቀ። እጆች ወጡ። እኔ ግራ ስለገባኝ የራሴን እጅ ለማውጣት ዘግይቼ ነበር፤ ማርጋሊት በክርኗ ጎሸመችኝ።

ውሳኔው የሁለቱንም ንግግር ይዞ ኢየሩሳሌም ሄደ። ኤሊ ቃሉን ጠበቀ። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው የመንግሥት ድርሻ ተፈቀደ። አንቀጹ "የሰፈር መሰብሰቢያ" ይላል። ያ ሶፋና ጎማ ሲወጣ የሕንፃው ሰው ሁሉ ረዳ፤ የየመኑም፣ የሮማንያውም፣ የእኛም። ኖራ ተቀባ፣ ቧንቧ ገባ፣ መብራት በራ።

ክፍሉ በተከፈተ በሳምንቱ፣ በማለዳ፣ ከየከተማው ዘመድ ገባ። አዛለችን ሴቶቹ "ለክፍሉ ምርቃት ነው" ብለው አወረዷት። ሽማግሌዎቹን ነጭ ለብሰው ቆመው ስታይ ደረጃው ላይ ቆመች። "ወንድሜ" አለች፤ ሌላ ማንም ሳይናገር። ከዚያ ሁሉም አለቀሰ።

ድምፁ ወደ ላይ እንዳይወጣ ብዬ ትልቁን የብረት በር ገፍቼ ዘጋሁት። ማርጋሊት ደረጃውን እየተደገፈች ወረደችና መልሳ ከፈተችው። "ተወው" አለችኝ። "ይሰማ።" ከዚያ አዛለች አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። በዚያ ጉልበቷ እንዴት እንደተቀመጠች አላውቅም። ለማንሣት ሁለት ሆነን ነው የጎተትናት።

ሐዘኑ አለፈ። ካፖርቱን አዛለች ለማርጋሊት ልጅ ሰጠችው፤ ልኩ እንደሆነ ቀድሞ ታውቃለች። ክፍሉ ከለቅሶ ወደ ዕብራይስጥ ትምህርት፣ ከትምህርት ወደ ሰርግ ተሸጋገረ። ከሰዓት ከሰዓት ማርጋሊት ደህነኛውን ወንበር ይዛ ትቀመጣለች፤ አባ ገዳሙ ከፊት ለፊቷ። የጋራ ቋንቋ የላቸውም፤ ወሬ ግን አላጡም።

በዓመቱ ኤሊ ሥራው እንዴት እንደሆነ ሊያይ መጣ። ዳቦ ተቆረሰለት፣ መነጽሩ ደመነ። አዛለችን አወቃት። በዚያው ደብተር ላይ እርሳሱን ይዞ "ዛሬስ? የምትፈልጊው ነገር አለ?" አላት። አስተረጎምኩላት።

አዛለች እጇን በነጠላዋ ጠረገች። "ያን ጊዜ ወንድሜ ሲመጣ ይነግርልኛል ብዬህ ነበር" አለችው። "አልመጣም። እንግዲህ እኔው ልናገር።" ሁላችንም ጠበቅን። "እኔ ምንም አልጎደለኝም። የማርጋሊት ጉልበት ግን እየባሰ ነው። ደረጃው መደገፊያ የለውም።"

ኤሊ ደብተሩን ዘጋ። "ለዚህ እንኳ መጠባበቂያ አያስፈልግም" አለና ወደ እኔ ዞረ። በማግስቱ ሰጉላ ከሥራ በኋላ ቀርቼ የመደገፊያውን ብረት ቆረጥኩ፤ አርብ ሳይገባ ተከልነው።

ከዚያ በኋላ በምክር ቤቱ ብዙ ቆየሁ፤ ብዙ በጀት አጸደቅሁ፣ ብዙም ተሸነፍኩ። ወንበሩን ለምትይዙት የምለው አንድ ነው። ሰው ቤት ስትገቡ ምን ጎደለህ አትበሉት። ጎረቤትህ ምን ጎደለው በሉት፤ መልሱን ያዙና የጎረቤቱን በር አንኳኩ።